ደርቆ የተመለሰው ገመድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አልወረድኩም። ስድስቱን ፏፏቴዎች በሁለት ዓመት ቅዳሜና እሑድ በእግሬ ዞሬ ለክቼ፣ ከሰባተኛው በር ላይ ተመለስኩ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አለዚያ ንዴቴ ነገሩን ያደበላልቅብኛል።

ጓሳ ጫፍ ላይ ሎጁ ከተሠራ ወዲህ እንግዳ የሚያየው ፏፏቴ አንድ ብቻ ነው፤ ከበረንዳው የሚታየው። የቀሩትን «ማንም አያውቃቸውም» ይባላል። ውሃ ቀጂው ያውቃቸዋል፣ ሣር አጫጁ ያውቃቸዋል፤ እነሱ ግን «ማንም» ውስጥ አይቆጠሩም። ትንሿን መጽሐፍ የጀመርኩት በዚህ ተናድጄ ነው። ለእያንዳንዱ ፏፏቴ አንድ ገጽ፦ ስሙ የአካባቢው ሰው እንደሚጠራው፣ ቁመቱ፣ መንገዱ፣ ውሃው የሚጎድልበት ወር፣ መውረድ ለማን እንደሚከብድ። የምሠራበት የቱሪዝም ቢሮ ሊያሳትማት ተስማምቷል። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አሥራ አራት ጡረታ የወጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ሎጁ መጥተው፣ እሷን ይዘው ሰባተኛውን ሊያዩ ነው።

ሰባተኛው የገብርኤል ጠበል ነው። ውሃው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ይፈልቅና ገደል ይወርዳል። የገደሉም አፍ፣ የታችኛውም ኩሬ በጠበሉ አጥር ውስጥ ናቸው፤ መግቢያው አንድ በር ነው። በሩ ላይ እማሆይ አጸደ የሚባሉ መነኩሲት ይቀመጣሉ።

የሥራ ባልደረባዬ ጌትነት ቀድሞኝ ገባ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስፈታ እማሆይ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ግዳጅ ላይ አይደለሽም?»

የወር አበባዬ ትናንት ጀምሮኛል። በግዳጅ ሰባት ቀን ጠበል አይገባም የሚለው ሕግ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የቀየት ልጅ ነኝ፣ በሱ ነው ያደግኩት። የጉዞው ቀን አስቀድሞ ተይዞ ነበር፣ መኪናውም የተገኘው በስንት ልመና ነው። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ማንም ካልጠየቀኝ ዝም ብዬ ለመግባት አስቤ ነበር። ሲጠይቁኝ ግን «አይደለሁም» የምትለው አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች።

«ነኝ» አልኳቸው።

እማሆይ ደስ አላላቸውም። «ምነው ባትነግሪኝ! ዝም ብለሽ ብታልፊ ዕዳው ያንቺ ነበር። አሁን እኔን መላሽ አደረግሽኝ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «ሰባትሽን ጨርሰሽ ነይ። ውሃው እንደሆነ የትም አይሄድ።»

ጌትነት ከውስጥ ሰምቶ ሳቀ። «ወይኒ፣ አንቺን እኮ ሌባ ‹ሌላ ኪስ አለሽ?› ቢልሽ ‹አዎ፣ በስተግራ› ትያለሽ!»

የመለኪያውን ገመድ በአጥሩ ላይ አቀበልኩት። በየሜትሩ የተቋጠረ ሲባጎ ነው፤ በየአምስተኛው ቋጠሮ ቀይ ክር አለው፣ ጫፉ ላይ የአናጢ ቱንቢ ታስሯል። አሠራሩን ደገምኩለት፦ ታች የሚቆምልህ ሰው ፈልግ። አንተ ከአፉ ላይ ልቀቀው። ቱንቢው ውሃ ሲነካ ሰውዬው ያፏጭ፤ ያኔ ቋጠሮውን ቁጠር። ከዚያ መንገዱን ራስህ እስከ ታች ውረደውና ያየኸውን ጻፍ።

ከበሩ ውጪ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጥኩ። ጠበልተኞቹ ደርሶ ለመመለስ ለጎበዝ ሰው አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ጌትነት በሃያ ደቂቃ ተመለሰ።

«ስልሳ ሜትር!» አለ። «መንገዱ? ሸጋ ነው። ሽማግሌ ሳይቀር ይወርደዋል።»

ገመዱን ተቀበልኩት። ደረቅ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 14

ገመዱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ አየሁት።

አንደኛ፣ ደረቅ ነው። ስድስቱንም ስንለካ ገመዱ እስከ ግማሹ በስብሶ ነበር የሚወጣው፤ ፏፏቴ ይረጫል።

ሁለተኛ፣ ጥቅልሉ የእኔ ነው። ግራኝ ስለሆንኩ ወደ ግራ ነው የምጠቀልለው። ትናንት ጠዋት እንደጠቀለልኩት አለ።

ሦስተኛ፣ ገመዱ በጠቅላላው ሃምሳ ሜትር ነው።

ሦስተኛውን ሳስበው ሳቄ መጣ። ከዚያ አለፈ።

ጌትነትን ብቻውን ጠብቄ ጠየቅኩት።

«ጌትነት፣ ገመዱ ሃምሳ ሜትር ነው።»

«አሥሩን በዓይኔ ጨመርኩበታ።»

«ለምን ደረቀ?»

«ፀሐይ መታው! ወይኒዬ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ገብቼ ነው የወጣሁት። አንቺ በር ላይ ነበርሽ።»

ጌትነት ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ክረምት እናቴ ስትታመም፣ መኪና ጠፍቶ፣ በዚያ ጭቃ በሞተሩ ከቀየት ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው። ምስጋናዬን እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገርኩትም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚመረኝ፤ የምጠላው ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ሰባተኛውን ገጽ እንዲህ ጻፍኩት፦ «ቁመቱ፦ አልተለካም። መንገዱ፦ እስከ ታች አልታየም።» ለኃላፊያችን ለአቶ መኩሪያ አስገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እናቴ ደወለች። ነገርኳት።

«ምን ነካሽ? ‹ደህና ነኝ እማሆይ› ብለሽ አትገቢም ነበር? እኔ እንኳ ስንቴ...» አለች።

«ስንቴ ምን?»

«ተዪው። ቆጣሪ ነሽ እንዴ!»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ከእናቴ ጋር ስንት ክብረ በዓል አብረን ሄደናል። ስንቱን ጊዜ እኔን በግዳጄ ከአጥር ውጪ አስቁማ እሷ ገብታለች። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ በግዳጅ መግባት አትልመጂ» ትለኝ ነበር። ሕጉን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ ቆሜ አስቀደስኩ። ብርድ ነበር። ከጎኔ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። በከተማው ውስጥ ዛሬ ግዳጅ ላይ ያለነው ሦስት ብቻ ነን ማለት ነው።

ይህን ምጸት ለማንም አልናገረውም። እዚህ ይቅር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

የሳምንቱ ስብሰባ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ አምስቱ ወንዶች።

አቶ መኩሪያ ሰባተኛውን ገጽ አንስተው አነበቡት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ቀልድ። «‹አልተለካም። አልታየም።› ምንድነው ይሄ? እንግዳ ሊመጣ አምስት ቀን ቀርቶት? ጌትነት ስልሳ ሜትር ብሎ ሪፖርት አድርጓል እኮ።»

«በገመዱ አልተለካም» አልኩ። «ገመዱ ሃምሳ ሜትር ነው፤ የተመለሰውም ደርቆ ነው። በሃያ ደቂቃ ወርዶ መመለስ እንደማይቻል ደግሞ ጠበልተኞቹ ነግረውኛል። አረጋውያን የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ ሳናየው ምቹ ነው ልንል አንችልም።»

ጌትነት ጠረጴዛውን እያየ ነበር።

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አሉ አቶ መኩሪያ።

«በሩ ላይ።»

«ለምን አልወረድሽም? የመጽሐፉ ባለቤት አንቺ አይደለሽም እንዴ? መኪና የተመደበው ለማን ነው?»

የሚባል ነገር ፈለግኩ። «አመመኝ» ይባላል። «ጠበሉ ሕግ አለው» ይባላል። ሁለቱም ግማሽ ናቸው። ሌላውን ሰው ሙሉውን ተናገር እያልኩ፣ እኔ ግማሽ ልናገር?

«የወር አበባ ላይ ነበርኩ» አልኩ። «እማሆይ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ መለሱኝ።»

አንዱ ሳል አስመሰለ። አቶ መኩሪያ ወረቀታቸውን ገለጡ፣ ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ላይ ደርሰው እሱኑ አነበቡ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ይህንን ልጻፈው?» አለችኝ።

«ጻፊው» አልኳት። ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር።

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ብይን ሰጡ። «እንግዲህ ወይንሸት፣ ራስሽ ተናገርሽ። አልገባሽም። ያላየሽውን ልትመሰክሪ አትችይም። የገባው ጌትነት ነው።»

ይህ አባባል ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ ባልደነቀኝ። «ያላየኸውን አትመስክር» የምለው እኔ ነበርኩ። በገዛ መለኪያዬ ለኩኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አቶ መኩሪያ ለብቻዬ ጠሩኝ። በደግነት ነው ያናገሩኝ፤ ሻይ ሳይቀር አዘዙልኝ።

«ሰባተኛው ገጽ ላይ ስልሳ ሜትር ብለሽ ፈርሚ። አዘጋጅ ተብለሽ ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። አንድ ቁጥር ነው። ለአንድ ቁጥር የሁለት ዓመት ድካምሽን ትጥያለሽ?»

«ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የጌትነት ሪፖርት ‹ለማንኛውም ዕድሜ ምቹ› ይላል። ሰው ይጎዳል።»

«ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ የሚወርድበት ጠበል ነው፣ ልጄ!»

«ሕዝቡ እንዴት እንደሚወርድ ነው እኮ ያላየነው።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ካልፈረምሽ በጌትነት ስም ይወጣል። ባዶ ገጽ ይዤ አላሳትምም።»

አልፈረምኩም። ሻዩን ጠጣሁት። ለምን እንደጠጣሁት አላውቅም፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ከሐሙስ የሚጀምር የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። በፍጥነት ፈረሙልኝ፤ ከዓይናቸው ብርቅላቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

መጽሐፏ ታትማ መጣች። ቆንጆ ናት። ሽፋኗ ላይ እኔ ያነሳሁት ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «አዘጋጅ፦ ጌትነት» ተብሎ ከነአባቱ።

ስድስቱን ገጾች አነበብኩ። ዓረፍተ ነገሮቼ አሉ፤ ነጥብ አልተነካም። «ጭላዳ ማደሪያ» የነበረው ብቻ «የፍቅረኞች ፏፏቴ» ሆኗል። ጭላዳዎቹ ክስ የማያቀርቡ መሆናቸው ለቢሮው መልካም አጋጣሚ ነው።

ሰባተኛው ገጽ፦ «በስልሳ ሜትር ከፍታው የአካባቢው ግርማ የሆነው ይህ ፏፏቴ ለማንኛውም ዕድሜ ምቹ በሆነ መንገድ ይደረሳል።»

ጌትነት አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ስሜን አስገቡ አላልኳቸውም» አለ።

«አስወጡትም አላልክም።»

ሄደ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ወረድኩ።

ከመነሻው ልጻፍ። ጠዋት በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ የጓሳው ሣር ሲረገጥ ይሰበራል። እማሆይ አጸደ ከሩቅ አወቁኝ።

«ሰባትሽን ጨረስሽ?»

«ዘጠነኛ ቀኔ ነው፣ እማሆይ።»

«ጨረስሽ ወይ ነው ያልኩሽ፤ ትርፉን ማን ጠየቀሽ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ በቀስታ «ከፋሲካ ወዲህ የመለስኩት አንቺን ብቻ ነው» አሉኝ። «እስቲ ይታይሽ። በዚህ በር ስንት ሴት ያልፋል! እጠይቃለሁ፣ ‹አይደለሁም› ይሉኛል። ምን ላድርግ? አልፈትሽ!»

ገባሁ።

መንገዱ የመጀመሪያው ሩብ ሸጋ ነው። ጌትነት ሸጋ ያለው ይህን ነው። ከዚያ ገደሉን ታክኮ ይጠብና አንድ እግር ብቻ ይሆናል፤ በግራ አለት፣ በቀኝ ባዶ። ጠጠሩ እርጥብ ነው። ከዚያ መንገዱ ያልቃል፣ መሰላል ይጀምራል። ከጽድ እንጨት የተሠራ፣ በጠፍር የታሰረ፣ ዐሥራ ዘጠኝ መወጣጫ ያለው፤ አራተኛውና ዐሥራ አንደኛው የሉም። ከላይ ያሰረው ችንካር በእጄ ስነካው ተነቃነቀ።

መሰላሉ ሥር የሚረዳ ጎልማሳ ጠበልተኛ አለ። ከመታመሙ በፊት አናጢ ነበር። «በግንባርሽ አትውረጂ፣ ፊትሽን ወደ አለቱ!» እያለ ከታች መራኝ። ስወርድ እንደፈራሁ መጻፍ አለብኝ። ሁለት ጊዜ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

«መሰላሉ እንዴት ነው?» አልኩት ታች ስደርስ።

«እኔ ካልዳንኩ አብረን እንሞታለን፤ ከዳንኩ ግን እሱ ይቀድመኛል» አለ። «እኛ ቀስ ብለን፣ አንድ በአንድ፣ ተጠባብቀን ነው። እንግዳ ሰው አይችለውም።»

«አረጋውያንስ?»

«ሽማግሌ ምን ሊሠራ ይወርዳል? ለነሱ እላይ ገንዳ አለ። ውሃው ሳይወድቅ ተጠልፎ እዚያው ይጠመቃሉ።»

ገንዳ። ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ላይ። ስንገባ የሚታይ። አንድ ሰው ቢጠየቅ ኖሮ ይኸው ነበር መልሱ።

ተመልሼ ወጥቼ ገመዱን ለቀቅኩ። እሱ ከታች አፏጨ። ሠላሳ አራት ቋጠሮ። ደግሜ ለካሁ፤ ሠላሳ አራት። ገመዱ ሲወጣ እጄን አራሰው።

አናጢው መሰላሉን ወጥቶ መጣና ስለ ጌትነት ሳልጠይቀው ነገረኝ። «ያ ወንድምሽ ባለፈው መጥቶ መሰላሉ አፋፍ ላይ ደረሰ። አየ። ቁጭ አለ። ላብ አጠመቀው። ‹ለማንም እንዳትናገሩ› ብሎ ሄደ።» ትንሽ አሰበና «ለማንም አልተናገርንም፣ ያው ላንቺ እንጂ» አለ።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ያደረግኳቸው፦

ለአቶ መኩሪያ ደወልኩ። «ታትሟል። ለሁለተኛው እትም ይስተካከላል» አሉ። እንግዶቹ ነገ እንደሚወርዱ አስታወስኳቸው። «ፈቃድ ላይ አይደለሽ? ረፊ!»

ለሎጁ ደወልኩ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ በትሕትና አዳመጠኝ። «እኛ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ደርሶናል። የሚቀየር ካለ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያምጡልን።»

ጌትነት ቤት ሄድኩ። ሞተሩን እያጠበ ነበር።

«ሠላሳ አራት ነው» አልኩት።

ውሃውን ዘጋ። ምን እንዳወቅኩ ገባው። ጎማውን አየ።

«ጉልበቴ ከዳኝ» አለ። «ገደሉን ሳይ ከዳኝ። ሠላሳ ዓመቴ ነው፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ገደል ፈራሁ ብዬ ለማን ልናገር? ወንድ ልጅ ይህን በሰው ፊት ይናገራል?»

«እኔ በስድስት ሰው ፊት ተናገርኩ።»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«ለሎጁ ደውል» አልኩት። «ፈራሁ አትበል። ‹እስከ ታች አልደረስኩም› በል። ሦስት ቃል ናት።»

«ስሜ እኮ ሽፋኑ ላይ ነው።»

«ስለዚህ ነው አንተ የምትደውለው።»

«እስቲ ላስብበት» አለ። ውሃውን እንደገና ከፈተው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሎጁ በር ላይ ነበርኩ። ጌትነት አልደወለም፤ መቀበያው ላይ ጠየቅኳቸው።

እንግዶቹ ቁርስ ላይ ነበሩ። አሥራ አራት ሰዎች፣ አሥራ አራት መጽሐፍ። የቡድናቸው መሪ መምህርት አስቴር የሚባሉ ናቸው፤ ከዘራ ይይዛሉ፣ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ቁመቱን፣ መሰላሉን፣ የጎደሉትን መወጣጫዎች፣ ገንዳውን።

መጽሐፉን ገልጠው አዩ። እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያዩት። «ስምሽ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ወይንሸት።»

«እዚህ ላይ የለም።»

«የለም።»

«ታዲያ ምንሽን አምኜ ነው?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን እጠይቀው ነበር። «ከትናንት በስቲያ ወርጄ ለክቼዋለሁ» አልኩ። «መጽሐፉ ላይ ሰባተኛው ገጽ ያልተለካ ነው።»

«ጻፈ የተባለው ልጅስ?»

«እስከ ታች አልደረሰም።»

«ለምን?»

«እሱን ራሱን ይጠይቁት» አልኩ። ይህን ያህል ነው የምችለው። የእሱን ፍርሃት እኔ ለቁርስ ገበታ አላቀርበውም።

አንድ ሸንቃጣ ሽማግሌ ከጠረጴዛው ማዶ «እኛ ዕድሜ ልካችንን ጠመኔ የበላን ሰዎች መሰላል ያሸንፈናል?» አሉ። ሳቅ ሆነ። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ክንዴን ያዘ፤ «እኅቴ፣ እንግዶቼን እያስፈራራሽ ነው።» መምህርት አስቴር ግን በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ፤ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ፤ የክፍል ጸጥታ። አሥሩ ወደ ሦስተኛው ገጽ ፏፏቴ፣ በሜዳ ወደሚደረሰው፣ እንዲሄዱ ወሰኑ። አራቱ እምቢ አሉ። ከአራቱ ጋር እኔ ሄድኩ።

ሦስቱ ጠባቧ መንገድ ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ተመለሱ። ሸንቃጣው ሽማግሌ አልሰሙኝም። መሰላሉ ድረስ ሄዱ። ኮታቸውን ያዝኩ። ኮታቸውን አስለቅቀው አንድ እግራቸውን የመጀመሪያው መወጣጫ ላይ አሳረፉ፤ ሁለተኛውም ላይ፤ ዘለል ዘለል እያደረጉ ፈተኑት። አናጢው ከታች «አባቴ! በገብርኤል!» እያለ ጮኸ።

«ምንም አልሆነም እኮ» አሉ ሽማግሌው። «ጠንካራ ነው።» ደስ ብሏቸው ተመልሰው ወጡ። ገደሉን ሲያዩት ግን አልወረዱም፤ «በቃ፣ አየሁት» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አቶ መኩሪያ ደወሉ። የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ከሶኛል። ሽማግሌው መሰላሉ ጠንካራ እንደሆነ በምሳ ላይ ለሁሉም ተናግረዋል።

«ማን ወደቀ?» አሉኝ አቶ መኩሪያ። «ንገሪኝ። አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምንድነው ይህ ሁሉ? ሰኞ በጽሑፍ ማብራሪያ ይዘሽ ግቢ።»

ከጌትነት መልእክት ደረሰኝ፦ «ይቅርታ። ለኃላፊው ግን አትንገሪብኝ።» አልመለስኩለትም። እንደማልናገርበት ያውቃል፤ የሚመካው በዚህ ነው።

ማብራሪያውን አሁን ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እነሱ የሚቀበሉት ማስረጃ የለኝም። ማስረጃዬ ሊሆን የሚችለው የአንድ ሽማግሌ ስብራት ብቻ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ የለመንኩት እሱ እንዳይመጣ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛው ገጽ ደህና ሆኖ ይሰራጫል፣ እኔም ነገረኛ ሆኜ እቀራለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመጡትን እንግዶች ማን ሎጁ ድረስ ሄዶ ይጠብቃቸዋል? አላውቅም። ፈቃዴ አልቋል።

መምህርት አስቴር ማምሻውን ደውለው ነበር። አሥራ አራቱም ራት ቀርበዋል። ሽማግሌው ሁለተኛ ሳህን አስጨምረዋል።